ያውቁ ኖሯል? የጨንቻ ጉምና የከፋው ልብ

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚያወጣው ዳገት ላይ አንድ ጥምዝ አለ። በሐምሌ እዚያ ሲደረስ ተሳፋሪው ሁሉ መስኮቱን ይዘጋና ጉልበቱ ላይ የነበረውን ጋቢ ትከሻው ላይ ይጥላል። ከጥምዙ በላይ ያለው ጉም ነው። እኔ ሥራ ተመድቤ ሦስት ክረምት እዚያ ላይ አሳልፌያለሁ፤ የመጀመሪያውን ክረምት በሬን ዘግቼ ነው የጀመርኩት። ዛሬ የማካፍላችሁ አብዛኛው ነገር ያኔ ባውቀው ኖሮ ብዬ የምቆጭበት ነው።

ያውቁ ኖሯል? በእኛ አገር ክረምት ሲገባ ቀኑ አያጥርም። አርባ ምንጭ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 6 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። በዓመቱ ረጅሙ ቀን የሚውለው በሰኔ አጋማሽ ሲሆን 12 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ያህል ብርሃን አለው። አጭሩ በታኅሣሥ ነው፤ እሱም 11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ገደማ ነው። ስቶክሆልም ውስጥ ግን የታኅሣሥ ቀን 6 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። እዚያ ያሉ ወገኖቻችን ጨለማ ወደ ሥራ ወስዶ ጨለማ ከሥራ ይመልሰናል ሲሉ ማጋነናቸው አይደለም። የኛን ቀን የሚሰርቀው ደመናው ነው፤ እኛም ከደመናው ሸሽተን ቤት ስንከተት የቀረውን ብርሃን በገዛ እጃችን እንዘጋዋለን።

ያውቁ ኖሯል? በፈረንጆች ክረምት እየጠበቀ የሚመጣውን የድባቴ ዓይነት ኖርማን ሮዘንታል የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካ ውስጥ መርምረው ስም ሰጡት። አንዱ ሕክምናው ጠዋት ጠዋት ለግማሽ ሰዓት ያህል 10,000 ሉክስ የሚያበራ መብራት ፊት መቀመጥ ነው። ሉክስ የብርሃን መለኪያ ነው። በተራ አምፖል የሚበራ ክፍል ጥቂት መቶ ሉክስ ቢኖረው ነው፤ ደመና በሸፈነው ሰማይ ሥር ደጅ ላይ ግን ብዙ ሺህ ይገኛል። ጉም በዋጠው ጠዋት እንኳ ደጃፍ ላይ ቆሞ ፊትን መታጠብ ቤት ውስጥ አምፖል ሥር ከመቀመጥ ብዙ እጥፍ ብርሃን ለዓይን ይሰጣል፤ ያውም ያለ ክፍያ።

እዚያው ጨንቻ አጠገብ ያለውን የዶርዜን ቤት ያየ ይህ ይበልጥ ይገባዋል። ከቀርከሃ ተጎንጉኖ የተሠራ፣ በእንሰት ኮባ የተሸፈነ፣ ከሩቅ የዝሆን ፊት የሚመስል ረጅም ቤት ነው። መሃሉ ላይ እሳት ይነዳል፤ ጭሱ በክዳኑ እየሰረገ ሲወጣ ቀርከሃውን ከተባይ ይጠብቀዋል። ብርድን ለመመከት ከዚህ የተሻለ ቤት አላየሁም። መስኮት ግን የለውም። ብርሃን የሚገባው በበሩ ነው፤ በሩ ከተዘጋ ቀትርና ምሽት አይለዩም።

እኔ የነበርኩበት በቆርቆሮ የተከደነ የኪራይ ክፍል ነበር። ሦስት ቅዳሜና እሁድ ተኝቼ ከረምኩ። አራተኛው ቅዳሜ ጠዋት አከራዬ በሩን አንኳኩ። እጃቸው ላይ የቡና ቅጠል ከነቅመሙ የተፈላበት ጣሳ አለ፤ እንፋሎቱ የዝንጅብልና የነጭ ሽንኩርት ሽታ ያወጣል። «ልጄ፣ ምን ሆንሽ?» አላሉኝም። «ልጄ፣ ነይ እስቲ፣ ይቺን ላም ያዥልኝ፣ ልለባት» ነው ያሉኝ። ላሟ ማንም ሳይዛት ቆማ የምትታለብ የዋህ እንስሳ እንደሆነች የገባኝ ወር ካለፈ በኋላ ነው። በማግሥቱም ሌላ ሥራ ነበራቸው፤ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። በሳምንቱ መጨረሻ ጠዋት ጠዋት ደጅ የምወጣ ሰው ሆኜ ነበር።

ያውቁ ኖሯል? የዛሬ ሐኪሞችም ለድባቴ የሚሰጡት አንድ ሕክምና ከዚሁ ጋር አንድ ነው። ስሜቱ እስኪሻል አትጠብቅ፣ ትንሽ ሥራ ቀጥረህ ሥራ፣ ስሜቱ ከኋላ ይከተላል ይላሉ። የከፋው ሰው «ደስ ሲለኝ እወጣለሁ» ይላል። ደስታው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከወጡ በኋላ ነው።

ያውቁ ኖሯል? ነቢዩ ኤልያስ ተስፋ ቆርጦ ክትክታ ዛፍ ሥር ሞቱን በለመነ ጊዜ ከሰማይ የመጣለት የመጀመሪያው ነገር ተግሣጽ አልነበረም። እንቅልፍ ወሰደው። መልአኩ ቀስቅሶ የተጋገረ እንጎቻና አንድ ማሰሮ ውኃ አቀረበለት። በላ፣ ጠጣ፣ ደግሞ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ቀስቅሶ አበላው። ከዚያ በኋላ ነው እስከ ኮሬብ ያለውን የ40 ቀን መንገድ የሄደው። ታሪኩ በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 19 ላይ አለ። ለከፋው ሰው «እምነትህ ስለጎደለ ነው» የሚሉ ሰዎች ይህን ምዕራፍ ደጋግመው ቢያነቡት ደስ ይለኛል። ይህን ቃል የሰሙ ሰዎች በድባቴያቸው ላይ ጥፋተኝነት ተጨምሮባቸው ሲንገላቱ በዓይኔ አይቻለሁ። ነቢይም ከፍቶታል፤ ያነሣውም እንቅልፍ፣ እህልና ውኃ፣ አጠገቡ የቆመ መልአክም ነው።

ያውቁ ኖሯል? የኢትዮጵያ ክረምት በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ይዘልቃል፤ ያ ጊዜ ደግሞ ሰውን ከቤት በሚያወጡ ቀኖች የተሞላ ነው። ሐምሌ 5 ጴጥሮስ ወጳውሎስ፣ ሐምሌ 7 ሥላሴ፣ ሐምሌ 19 ገብርኤል ይነግሣሉ። ነሐሴ ሲብት ፍልሰታ ይገባል፤ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ይቆርባል። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው። ጳጉሜን 3 ሩፋኤል ሲሆን የሚዘንበው ዝናብ ጠበል ነው ተብሎ ልጆች እየዘለሉ ይጠመቁበታል። ወር ሙሉ የተሸሸው ዝናብ በአንድ ቀን ተናፍቆ የሚወጣበት ሲሆን ማየት ለኔ ከክረምቱ ሁሉ የሚበልጥ ሰዓት ነው።

በጋሞ ዞን ከአማኙ ብዙው ወንጌላዊ ክርስቲያን ነው። ቃለ ሕይወትና መካነ ኢየሱስ ከቆላ እስከ ደጋ አጥቢያ አላቸው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወጣቱ ለመዘምራን ልምምድና ለኮንፈረንስ ይሰበሰባል። ሱብሂን በጀመዓ ለመስገድ ጎሕ ሳይቀድ የሚነሣው ሙስሊም ጎረቤታችንም የመጀመሪያውን የጠዋት ብርሃን ደጅ ላይ ነው የሚያገኘው። ሃይማኖቱ ቢለያይም ሦስቱም የከፋውን ሰው በአንድ መንገድ ይረዱታል፤ በቀጠሮ ከአልጋ ያስነሡታል፣ ሰው መሃል ያስገቡታል፣ ሲቀርም «ምነው ጠፋህ?» የሚለው ሰው ይሰጡታል።

ያውቁ ኖሯል? ጣሊያናዊው ሐኪም ሉቺያኖ በርናርዲ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት 23 ሰዎች መቁጠሪያ ይዘው የላቲኑን የማርያም ጸሎት ሲደግሙ አተነፋፈሳቸው በደቂቃ ወደ 6 ጊዜ ዝቅ ማለቱን ለክተዋል። ይህ የልብን ምት የሚያረጋጋ ፍጥነት ነው። የእኛም አባቶችና እናቶች 41 ጊዜ «እግዚኦ» ሲሉ፣ በተለይ በዜማ ሲሆን፣ ትንፋሹ እንዲሁ ይረዝማል። የጸሎት ዋጋው በልብ ምት ይለካል ማለቴ አይደለም፤ ሥጋም ከነፍስ ጋር አብሮ ይጸልያል ማለቴ ነው። ስግደት የጨመረበት ደግሞ ጉልበቱም ይሞቅለታል።

ያውቁ ኖሯል? በኅብረት የሚዘምሩ ሰዎች የልባቸው ምት አብሮ ይፈጥናል፣ አብሮም ይዘገያል። ይህን የስዊድኑ የጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 አሳይተዋል። የዶርዜ ሰዎች ግን ለዚህ ቤተ ሙከራ አላስፈለጋቸውም። አንዱ ሲያወጣ ሌላው እየተቀበለ፣ ብዙ ድምፅ በየመስመሩ እየተጠላለፈ የሚሄደው ዜማቸው የውጭ ሙዚቃ አጥኚዎችን ሳይቀር ያስደነቀ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሊዘፍነው አይችልም፤ አሠራሩ ራሱ ጎረቤት ይፈልጋል።

ያውቁ ኖሯል? በ1999 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበል የሚጠመቁ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ፣ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ አሳስበው ነበር። ያ ቃል ብዙ ነፍስ አትርፏል ብዬ አምናለሁ። ለድባቴም ያው ነው። ሐኪም ያዘዘውን ኪኒን ጠበልተኛ ስለሆኑ ወይም ስለተጸለየላቸው በድንገት ማቆም አደገኛ ነው። ቄሱም፣ ፓስተሩም፣ ኢማሙም ይህን ከመድረክ ቢናገሩት የሚሰማቸው ሰው ከሐኪሙ ይልቅ ይበዛል።

በአጭሩ ደግሞ እነዚህን ያውቁ ኖሯል?

ከአርባ ምንጭ እስከ ጨንቻ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ከፍታው ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነሥቶ 2,700 ይደርሳል። የአርባ ምንጭ ዋና ዝናብ በሚያዝያና በግንቦት ይመጣል፤ ሁለተኛው በጥቅምት አካባቢ ነው። ስለዚህ ሐምሌ ላይ ደጋው ጉም ለብሶ ሳለ ቆላው ፀሐይ ይሞቃል። ደጋ ያላችሁ፣ ብርዱ ሲበረታ ቆላ ያለ ዘመድ ጋ ወርዳችሁ ሁለት ቀን ማደር እንደ ቅንጦት አይቆጠርባችሁ።

ቡና ከጠጡ 5 ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላም ካፌይኑ በግማሽ ያህል ሰውነት ውስጥ አለ። በብርድ ምሽት በረካው ደርሶ እንቅልፍ የከለከለው ሰው ጠዋት ላይ ቢጫጫነው አይገርምም። ጠዋት ይጠጡት።

አረቄ ለጊዜው ያሞቃል፤ ማግሥቱን ግን ስሜትን ይጥላል፣ እንቅልፍንም ይቆራርጣል። ብርድን በአረቄ ማሳለፍ የጀመረ ዘመድ ካለዎት ክረምቱ እስኪያልፍ ሳይጠብቁ ያነጋግሩት።

በቆላው ጓሮ ሁሉ የሚገኘው ሀለኮ፣ ሌላው አገር ሽፈራው የሚለው፣ በደቡብ ኢትዮጵያና በሰሜን ኬንያ የበቀለ የራሳችን ዛፍ ነው። ቅጠሉ እንደ ጎመን ተቀቅሎ ይበላል። እ.ኤ.አ. በ2017 አውስትራሊያ ውስጥ 67 ድባቴ ያለባቸው ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት ለ12 ሳምንት አትክልት፣ ጥራጥሬና ዓሣ የበዛበት አመጋገብ ከተከተሉት ሢሶ ያህሉ አገግመዋል። የጫሞ ዓሣ፣ ሀለኮና ሽሮ እዚህ በደጃችን ነው ያሉት።

እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ውስጥ 156 ሰዎችን ይዞ የተደረገ ጥናት በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚደረግ እንቅስቃሴ ከ16 ሳምንት በኋላ ከድባቴ መድኃኒት ጋር የተቀራረበ ውጤት እንዳስገኘ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ይመክራል። ገበያ በእግሯ የምትሄድ የደጋ እናት ይህን በአንድ ቀን ትሞላለች። የሚያሳስቡኝ ጉድጓድ ውስጥ እግራቸውን ሰድደው ከጠዋት እስከ ማታ የሚሸምኑ ሸማኔዎች ናቸው፤ ጨንቻ ያሉትም፣ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የሄዱትም። መወርወሪያውን አስቀምጦ ሰፈር ዞሮ መመለስ ሥራ መፍታት አይደለም።

የቀዘቀዘ ልብ አንዳንዴ የሥጋ ሕመም ነው። የደም ማነስ፣ ያልታከመ ወባ፣ በአዮዲን እጥረት የመጣ የእንቅርት ችግር ሁሉ ሰውን ያፈዝዛሉ፣ ያደክማሉ። ጨው አዮዲን እንዲኖረው አገሪቱ በ2003 ዓ.ም. ደንብ አውጥታለች። ጨው ሲገዙ የታሸገውንና አዮዲን ያለውን ይምረጡ።

ያውቁ ኖሯል? እግር መታጠብም ልብን ያነሣል። በጋሞ ደጋ፣ በወላይታና በሌሎችም ቀይ አፈር በሆኑ አካባቢዎች ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄድ ሰው እግሩ የሚያብጥበት ዝሆኔ የተባለ ሕመም አለ። ምክንያቱ ከእሳተ ገሞራ ዐለት በተገኘው አፈር ውስጥ ያሉ ደቃቅ ማዕድናት በቆዳ መግባታቸው እንደሆነ እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እዚሁ አገር ሆነው አሳይተዋል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። ሕሙማኑ ግን ከሠርግና ከቤተ እምነት ስለሚገለሉ ድባቴ ይበዛባቸዋል። ጫማ ማድረግ፣ ማታ ማታ በሳሙና ታጥቦ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት ሕመሙን ይከላከላል፣ የጀመረውንም ያስታግሳል። በክረምት ጭቃ ላይ ይህ ቀላል አይደለም። ጎረቤትዎ ዝሆኔ ካለባቸው አንድ ጀሪካን ውኃ ቀድቶ ማድረስ ትልቅ ሕክምና ነው፤ ከዚያ ጋር አብሮ ተቀምጦ ቡና መጠጣት ደግሞ የበለጠ።

ያውቁ ኖሯል? በጋሞ ደጋ ከትውልድ ትውልድ ተጠብቀው የቆዩ፣ መጥረቢያ የማይነካቸው የተቀደሱ ደኖች አሉ፤ ብዙዎቹ በመቃብርና በጸሎት ቦታ ዙሪያ ናቸው። ቆላው ደግሞ አርባዎቹ ምንጮች የሚፈልቁበት፣ ሾላው ሰማይ የነካ የነጭ ሣር ደን አለው። ጃፓኖች ደን ውስጥ በዝግታ መመላለስን እ.ኤ.አ. በ1982 ስም ሰጥተው ለሕዝባቸው ማስተማር ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1984 የታተመ የአሜሪካ ጥናትም ከቀዶ ሕክምና በኋላ በመስኮታቸው ዛፍ የሚያዩ ሕሙማን ግድግዳ ብቻ ከሚያዩት ቀድመው ከሆስፒታል መውጣታቸውን መዝግቧል። አርባ ምንጭ ውስጥ ሲቀላ ወይም ሼቻ የምትኖሩ፣ ደኑ ከእናንተ ምን ያህል እንደሚርቅ ታውቃላችሁ።

ያውቁ ኖሯል? በዚምባብዌ ዋና ከተማ ሐራሬ ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመሩት ሕክምና አግዳሚ ወንበር ላይ ነው የሚሰጠው። አካሚዎቹ ሥልጠና የወሰዱ አያቶች ናቸው። ሕመሙን በሾና ቋንቋ «ብዙ ማሰብ» ብለው ይጠሩታል፤ እኛም «ሐሳብ በዛበት» እንደምንለው ማለት ነው። 573 ሰዎችን ይዞ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት አያቶቹ ዘንድ የተቀመጡት ከስድስት ወር በኋላ በእጅጉ ተሽሏቸው እንደነበር አረጋግጧል።

ይህን ሳነብ ዱቡሻ ትዝ አለኝ። ዱቡሻ የጋሞ አባቶች ተቀምጠው የሚመክሩበት፣ የተጣላውን የሚያስታርቁበት ሜዳ ነው። መስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ ብዙ የጋሞ ተወላጆች ተገድለው ሐዘኑ አርባ ምንጭ ሲደርስ፣ ለበቀል የወጣውን ወጣት የመለሱት እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ የተንበረከኩት አባቶች ናቸው። ቁጣን በሣር መመለስ የቻሉ አባቶች ዝም ብሎ አንገቱን የደፋውንም ልጅ አጠገባቸው አስቀምጠው ቢጠይቁት፣ ሲያስፈልግም ወደ ጤና ጣቢያ ቢያደርሱት፣ ሐራሬ ያለው ወንበር እዚህም አለ ማለት ነው። ጤና ጣቢያዎቻችን ይህን አንድ ላይ ቢያስቡበት ብዬ ከልቤ እመኛለሁ።

ያውቁ ኖሯል? ሐዘንና ድባቴ ይለያያሉ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎረቤታችን ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ በዝናብ የራሰ ተራራ ተንዶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ አስቀድሞ የተቀበሩትን ለማውጣት ሲቆፍሩ ሁለተኛ ናዳ የወረደባቸው ረዳቶች ነበሩ። እንዲህ ላለ ሐዘን «ተጽናና» ብሎ ማለፍ አይገባም። ለቅሶ ቤት መቀመጥ፣ እድሩ ድንኳን መጣሉ፣ ሰው ተራ ይዞ ማደሩ ሐዘንተኛውን ይሸከመዋል። ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ግን የሚሄድ ሰው ይቀንሳል፤ ሐዘንተኛው ሰው የሚያስፈልገው ያኔም ነው።

ያውቁ ኖሯል? መከፋት ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባ፣ ቀድሞ ደስ ይል የነበረው ሁሉ ካስጠላ፣ ጸሎት እንኳ አልወጣ ካለ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። በእኛ አገር ሕመሙ ብዙ ጊዜ በራስ ምታት፣ በልብ መቃጠል፣ በድካም ተሸፍኖ ይመጣል። በዓለም ላይ ከ280 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ድባቴ አለባቸው፤ ማንም በዚህ አፍሮ ሊደበቅ አይገባውም። ድሮ የአእምሮ ሕክምና ሲባል አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ይታሰብ ነበር፤ ዛሬ በየአካባቢው ሆስፒታል የሠለጠኑ ነርሶች አሉ። ሰውየው ስለ መሞት ካወራ ደግሞ በግልጽ ይጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም። ብቻውንም አይተዉት፣ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይውሰዱት።

የመጨረሻው፤ ያውቁ ኖሯል? የዶርዜ ቤት እግሩ በምስጥ ሲበላ ከሥሩ ይቆረጣል፤ በዚህ ምክንያት ያረጀ ቤት ከአዲሱ ያጥራል። ቦታ መቀየር ሲያስፈልግም ሰፈሩ ተሰብስቦ ቤቱን ከነክዳኑ ተሸክሞ ይወስደዋል።

አከራዬ ያንን የመጀመሪያ ክረምት ጉሙ በተነሣ ቁጥር «ማስቃላ ደረሰ» ይሉኝ ነበር፤ የጋሞን የመስከረም በዓል ማለታቸው ነው። ሸማኔ ልጃቸው ከሽሮ ሜዳ ለዮ ማስቃላ ይመጣል፤ የተጣላ ይታረቃል፤ ዓመቱን የተጠራቀመው ቅቤ ይወጣል። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ቀኑን በጣቴ እየቆጠርኩ እንደምጠብቅ ራሴን ያዝኩት። መስከረም ላይ ልጁ አዲስ ቡልኮ ተሸክሞ ገባ። እናቱ ቡልኮውን ተቀብለው ደጅ ላይ፣ ፀሐይ ላይ፣ አጥሩን አስይዘው ዘረጉትና «ልጄ፣ ያዥልኝ» አሉኝ፤ አንዱን ጫፍ እሳቸው፣ ሌላውን እኔ ይዘን አራገፍነው።